የተማሪው መስከረም

ልጁን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የላከ ቤተ ሰብ፥ «ልጃችሁን ምን ይናፍቀዋል?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ እንጀራውን፥ ቡናውንና የዘመዱን ፊት ይቈጥራል። ይህም እውነት ነው። እኔን ግን በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ በተማርሁበት ዘመን ከሁሉ አብልጦ የናፈቀኝ የመስከረም ወር ነበር።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በዚያ አገር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚከፈተው በእኛ አቈጣጠር በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፥ ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪው አገሩን ለመጐብኘት ዕድል ቢያጋጥመው፥ የሚያገኛት በዝናብና በጭጋግ ተሸፍና ነው፤ ሰማዩ ሊጠራ፥ አደዩም ሊፈነዳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። እኔም አራት ዓመት ሙሉ የአገሬን ክረምት እንጂ መስከረሟን አላየሁም። ስሄድ የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረችው ታናሽ እኅቴ ከዝናቡ ጋራ የምመጣ እንግዳ አድርጋ ትቈጥረኝ ኖሯል፤ አንድ ቀን በነሐሴ ወር ሰማዩን አይታ፥ «ጋሼ፥ ዝናቡ ሊያባራ ነው፤ መቼ ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቱ ክፉ አላሰበችም፤ እናታችን ግን ሥራ ያላት መስላ ወደ ጓዳ ገባች።

የሞንትሪያል መስከረም ውበት የለውም ማለት ሐሰት ነው። ቅጠሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ምልክት የሆነው ሜፕል የተባለ ዛፍ፥ ቀኑ እያጠረ ብርዱም እየበረታ ሲሄድ አረንጓዴነቱን ለቆ እንደ ፍም ይቀላል፤ በከተማው መካከል ያለው ሞን ሮያል የሚባለው ተራራም የተቀጣጠለ ይመስላል። ነገር ግን ይህ የመሰናበቻ ውበት ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ ብዙ ሳይቆይ በረዶው ይከተላል።

አንዳንድ መዝገበ ቃላት ይህን የቅጠል መርገፊያ ወራት «መፀው» ብለው ይተረጕሙታል። በእኛ ባሕረ ሐሳብ መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ነው፤ የመጀመሪያውም ክፍል እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ዘመነ ጽጌ፥ ማለት የአበባ ዘመን ይባላል። ወራቱስ በርግጥ ይገጥማል፤ ነገር ግን አንዱ አገር የሚያብብበትን፥ ሌላው የሚረግፍበትን ጊዜ በአንድ ስም መጥራት ለእኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ብርሃኑም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ብለን ብንቈጥር ብዙ አንሳሳትም። በሞንትሪያል ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ከ9 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው፤ እናቴ በስልክ «ነጋልህ ወይ?» ስትለኝ የምመልሰው ይቸግረኝ ነበር።

በዕንቍጣጣሽ ቀን ትምህርት ስላለብን፥ በከተማው የምንኖር ኢትዮጵያውያን በዓሉን በሚቀጥለው እሑድ ተሰብስበን እናከብር ነበር። ቄጠማ በሌለበት ቤት፥ በምንጣፍ ላይ፥ ቡና ይፈላል። እዚያ የተወለዱት ልጃገረዶች ከእናቶቻቸው ያጠኑትን አበባዬሆሽን ይዘፍናሉ፤ በእጃቸው የሚይዙት ግን ከሱቅ የተገዛ ቢጫ አበባ ነው። አደይ ማንም ሳይዘራው በየሜዳው በራሱ ጊዜ ወጥቶ፥ ጥቂት ሳምንት ታይቶ የሚጠፋ ነውና፥ በገንዘብ የተገኘ አበባ ስለ እርሱ ሊቆም አይችልም።

በሦስተኛው ዓመት በደመራ ዕለት እናቴ ደወለችልኝ። በአገራችን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በዚያ ገና ረፋድ፥ 5 ሰዓት ነው። «ስማ እንግዲህ» ብላ ስልኩን ወደ ተቀጣጠለው ደመራ አዞረችው፤ እንጨቱ ሲንጣጣ፥ ሰዉ ሲያሸበሽብ፥ ታናሽ እኅቴም «ወደ ምሥራቅ ወደቀ!» ብላ ስትጮኽ ተሰማኝ። መምህሩ ትምህርቱን ጀምሮ ነበር፤ እኔ ግን ጩኸቱ እስኪበርድ ድረስ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሜ አዳመጥሁ።