እስከ 10 ጎል ወይስ 20 ደቂቃ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ በኮንዶሚኒየም ግቢያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምናደርገው የኳስ ውድድር ነው።

ድሮ ደንባችን «ቀድሞ 10 ጎል ያገባ ያሸንፋል» የሚል ነበር። ጎላችን ሁለት ድንጋይ ነው፣ ያውም ጠባብ፤ 10 ማግባት ቀልድ አይደለም። ከየብሎኩ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ቡድን ነን። ትልልቆቹ 9 ሰዓት ላይ ይጀምሩና 7 ለ 8፣ 8 ለ 8 ሲባባሉ ይመሻል። የእኛ ቡድን ሁለት ሴቶችና ሁለት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ስላሉት ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ተራችን ሲደርስ ኳሱ አይታይም፣ እናቶችም ከበረንዳ መጣራት ይጀምራሉ። ሦስት ቅዳሜ ማልያ ለብሰን ቁጭ ብለን ወደ ቤት ገባን።

በረኛችን ደግሞ 11 ሰዓት ላይ መሄድ አለበት። እናቱ በር ላይ በቆሎ ጠብሰው ስለሚሸጡ ከሰሉን የሚያቀጣጥልላቸው እሱ ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ሠራሁት። አራት ቡድን እርስ በርሱ አንድ አንድ ጊዜ ሲጋጠም 6 ጨዋታ ነው። ለአንዱ 20 ደቂቃ፣ በየመሀሉ ለመቀያየር 5 ደቂቃ ብንሰጥ በ145 ደቂቃ ያልቃል። እኛ 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛውን ከተጫወትን ልክ 11 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።

«ኳስ እኮ 90 ደቂቃ ነው፤ 20 ደቂቃ የሕፃን ጨዋታ ነው» አለ የትልልቆቹ አምበል። እኔም 90 ደቂቃ ለ11 ተጫዋችና ለትልቅ ሜዳ ነው፣ እኛ 5 ለ 5 ነን፣ ፉትሳል እንኳን 40 ደቂቃ ነው አልኩት። «እኩል ከወጣንስ?» ሲባል የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ገቡበት። «በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችው በጭማሪ ሰዓት ነው! ከግብጽ ጋር 2 ለ 2 ነበርን፣ 4 ለ 2 አለቀ» አሉ። ደስ ይላል፤ ግን ጭማሪ ካለ የሚቀጥለው ሰው ተራ ይበላል። እኩል ከወጡ አንድ አንድ ነጥብ ተባለ።

ሰዓት የሚይዙት ጋሼ ናቸው፣ በሞባይላቸው። ሦስት ኮርነር አንድ ፔናሊቲ፣ ማኖም እንደድሮው ነው። ኳስ የተሰጣ ልብስ ላይ ካሳረፈ የመታው ልጅ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር የደቂቃው ደንብም ችግር አለው፤ የሚመራው ቡድን ኳሱን ወደ መኪና ማቆሚያው እየለጋ ሰዓት ይገድላል። አሁን ኳሱ እስኪመለስ ሰዓቱ ይቆማል ብለናል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ 4 ለ 0 ተሸነፍን፣ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ በመጨረሻ 1 ለ 1 ወጣን። በረኛችን ሦስቱንም ተጫውቶ ወደ ከሰሉ ሮጠ።

ትልልቆቹ አሁን «25 ደቂቃ ይሁን» እያሉ ነው። አሰላሁት፤ 175 ደቂቃ ይሆናል፣ ሳይመሽ ያልቃል። ግን 5ኛው ጨዋታ የሚጀመረው 11 ሰዓት ላይ ነው። እኔ አልስማማም ብያለሁ።