አፈር ስሆን!

አማርኛ ለአፈር የነፈገው ቦታ የለም። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን፤ ስንራገም «አፈር ብላ» እንላለን፤ ሰው ስንቀብር ደግሞ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ብለን እንሸኛለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በዚህ አባባል ስንቱን ሰዓት አሳልፌአለሁ! አፋችን ላይ እንዲህ የከበደ ነገር ታዲያ ዶዘር ፊት ሲደርስ ለምን ዋጋ ያጣል?

ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ሀብታም ናት። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ድንጋይ አይውጣ የሚል ካለ ቤቱን በምን ሊሠራ ነው? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ድንጋዩን አልብሶት የኖረው አፈር የት ገባ?

አንድ ካባ ዳር ቆሜ ይህንኑ የዶዘሩን ሾፌር ጠየቅሁት።

«አቦ! እሱማ ቆሻሻ ነው፤ ድንጋዩ ከሥር ነው» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። የሚመሰገነው በሚያወጣው ድንጋይ ነዋ!

ወጉ ግን እንዲህ ነው። ድማሚት ከመጠመዱ በፊት የላይኛው አፈር ለብቻው ይገፈፋል፤ ከሥሩ ያለው ገረጋንቲም ለብቻው ይከመራል። ሁለቱ ከተደባለቁ አፈሩ አፈር መሆኑ ቀረ። የአፈሩ ክምር ከሰው ቁመት ብዙ መብለጥ የለበትም፤ ተራራ ካከለ ውስጡ አየር አጥቶ ሕይወቱ ይሞታል። ዝናብ እንዳያጥበው ሣር ይዘራበታል፤ መኪና አይወጣበትም። ድንጋዩ በደረጃ በደረጃ ወጥቶ ሲያልቅ ገረጋንቲው ከታች፣ አፈሩ ከላይ ይመለሳል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ካዲሱ ጥግ የተገፈፈውን አፈር ሥራው ባለቀበት ጥግ ላይ ወዲያው ማልበስ ነው፤ አፈሩም አይደክም፣ ነዳጅም ሁለቴ አይቃጠል።

አንዲት ሴንቲ ሜትር አፈር እስክትፈጠር መቶ ዓመታት ይቆጠራሉ። እንደ ድሬ ባለ ደረቅ አገር ደግሞ ይብሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ያን ጎርፍ ካባ አመጣው አልልም፤ የመጣው ከደጋው ነው። የተራቆተ መሬት ውኃ እንደማይዝ ግን ለድሬ ሰው ማን ይነግረዋል?

አፈር ያላስቀመጠ ምን እንደሚገጥመው ሞምባሳ ሄዶ ማየት ነው። ባምቡሪ የሚባል ሰፈር ሲሚንቶ ፋብሪካ የቦረቦረው ባዶ ቋጥኝ ነበር። ሬኔ ሃለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የግብርና ባለሙያ በ1971 እ.ኤ.አ. ዛፍ መትከል ጀመረ፤ ሸውሸዌ በረታለት። የረገፈው ቅጠል ግን አልበሰብስ አለ። ሺ እግር የተባለችውን ነፍሳት ለቀቀበት፤ እሷ እየበላች አፈር አደረገችው። ዛሬ ቦታው ጎብኚ የሚጎርፍበት ፓርክ ነው። ደስ ይላል፤ ግን በዶዘር ሰዓታት ውስጥ የሚተርፈውን አፈር በነፍሳት ሆድ መልሶ መሥራት የስንት ዓመት ልፋት ነው!

እኛም ሕግ አላጣንም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለመሬቱ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመደብ ይላል። አዋጅ ግን ብቻውን ዶዘር አይነዳም። ለሾፌሩ አፈር የገፈፈበትና ያስቀመጠበት ሰዓት እንደ ድንጋዩ ሁሉ ሥራ ተብሎ ይቆጠርለት፣ ይከፈለው። ያን ጊዜ «ቆሻሻ» ማለቱን ራሱ ይተዋል።