ይደፈን!

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው ሁለት ዓይነት ሰላምታ ይደርሰዋል። ጎረምሶቹ «ፋዘር፣ አትሸጣትም?» ይሉታል። እኩዮቹ ደግሞ «አሁንም ከሷ ጋር ነህ?» ይሉታል፣ ስለ ትዳሩ የሚጠይቁ ይመስል። የእኔዋ በ1986 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ናት። ስሟ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ሰማያዊት» እንደ ማለት ነው። ኑሮዋ ግን ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው ምድራዊ ሰልፍ ውስጥ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ኋላ መስታወቷ የዝናብ መጥረጊያ ነው። ላቫጆ ገብታ አንድ ልጅ በጨርቁ ጠለፈና ክንዱን ቀነጠሰው። ልጁ ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ፤ ተለያየን። ቤት ደርሼ ማብሪያውን ብነካካው ደግሞ ሞተሩም ድምፅ የለውም።

«የኋላ መጥረጊያ ደግሞ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሚኒባስና ላንድክሩዘር ኋላቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ሲሄዱ ከበስተኋላ የሚሽከረከረው አየር ጭቃውንና አቧራውን ስቦ ይለጥፍባቸዋል። ሴሊካን የመሰለች መኪና ግን የኋላ መስታወቷ እንደ ቤት ጣራ የተጋደመ ነው። የሠሯት ሰዎች ሐሳብ ይገባኛል፤ መኪናዋ ስትፈተለክ ነፋሱ በጣራዋ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ዝናቡን ይዞት ይሄዳል። መንገዱ ለተከፈተለት ሰው ጥሩ ሐሳብ ነው። በእኛ ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ለቀስተኛ አንድ እርምጃ ሄዶ ሁለት ደቂቃ ለሚቆም ሰው ግን ያ ነፋስ ከየት ይምጣ? ውሃው እዚያው መስታወቱ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል። ማርሽ ወደ ኋላ ስታስገባ ከበስተኋላህ ያለው ዓለም ነጠላ የተከናነበ ይመስላል።

ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ አንዴ ዞር ብሎ አያትና፣

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ፣ ይደፈን!» አለኝ።

ክንዱን ነቅሎ፣ ሞተሩን አውጥቶ፣ መስታወቱ ላይ የሚቀረውን ቀዳዳ በጎማ ውታፍ ይደፍነዋል ማለት ነው። ለልጁ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በውጭ አገርም ለውበት ብለው ይህንኑ የሚያደርጉ የስፖርት መኪና ወዳጆች አሉ። እኛ ግን የምንደፍነው ለውበት አይደለም። የቢሮው መስኮት አልዘጋ ሲል ይደፈን፤ የኮንዶሚኒየሙ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይደፈን፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ሲበላሽ በሩ በቆርቆሮ ይደፈን። ደፋኙ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ጣጣው የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ነው።

የኋላ መጥረጊያም ነገሩ እንዲሁ ነው። የፊቱ ሲበላሽ አደጋው መጀመሪያ ለራሴ ስለሆነ፣ ሳይሠራ ከሰፈር አልወጣም። የኋላው ግን ለሌላ ሰው ነው። በግቢያችን 5 አባወራዎች አለን፤ ከመካከላችን የሁለቱ ልጆች ገና ወገቤ ጋ አልደረሱም። ዝናቡ ጋብ ሲል ኳሳቸውን ይዘው የሚወጡት እኛም መኪና በምናወጣበት ሰዓት ነው። ስፖኪዮ ጎንና ጎንን ያሳያል እንጂ፣ ኳሱን ሊያነሳ ከመኪናዋ ጀርባ ያጎነበሰውን ሕፃን አያሳይም። በ1903 እ.ኤ.አ. በእጅ ለሚዘወር የዝናብ መጥረጊያ የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘችው የአላባማዋ ሜሪ አንደርሰን ሐሳቡ የመጣላት ኒውዮርክ ውስጥ ትራም ተሳፍራ ሳለ ነው፣ የነጂውን ችግር አይታ። ነገሩን ያሰበው መሪ የጨበጠው ሰው አለመሆኑ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አይደፈንም ብዬ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራን ማማት ቀላል ነው፤ ይሁንና ይህን ያህል ያረጀ መኪና ይዞ ሌላ የት ይኬዳል? ባለሱቆቹ በሐቅ «የለም» አሉኝ። ልወጣ ስል መንገድ ላይ አንድ ደላላ ተጠጋኝ።

«ክንዱን ነው ሞተሩን?»

«ሁለቱንም።»

«ሞዴሏን ንገረኝ ፋዘር። ትዕዛዝ ካለ ነገ ጠዋት ይደርሳል።»

«አሁን የላችሁም?»

«አሁን የለም። ነገ ይኖራል።»

ዛሬ የሌለ፣ መርከብ ላይ ያልተጫነ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያልደረሰ ዕቃ ነገ ጠዋት ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ውስጥ እንደ እኔ ያለች ሴሊካ ያላቸው ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መኪናቸው የምታድረው ደጅ ነው። ስፖኪዮው ተነቅሎበት የማያውቅ ባለመኪና ያለ አይመስለኝም፤ መስታወታችን ላይ የታርጋ ቁጥር የምናስቀርጸውም ለጌጥ አይደለም። «ከየትም ይምጣ፣ ዕቃዬን ላግኝ» ብዬ እሺ ብል፣ ማታ በመፍቻ የሚወጣውን ልጅ የላክሁት እኔ ነኝ።

«ይቅርብኝ» አልኩት።

«ለእናንተ ብለን ነው እኮ!» አለኝ፣ ከልቡ ተቀይሞ።

እውነቱን ነው። ያለ እኛ ለማን ይሸጠዋል?

ከአሁን በኋላ ደግሞ ነገሩ እየከበደ የሚሄድ ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ምክንያቱን አልቃወምም፤ ነዳጁ የሚገዛው በዶላር ነው። ግን እዚህ ያሉት አሮጌዎች በአዋጅ አይተኑም፤ እስኪሞቱ መኖራቸው ነው፣ ሲኖሩም ዕቃ ይፈልጋሉ።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠቆመኝ። የሚሠሩት አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያዩት ሞተሩን አልነበረም። የኋላውን በር ከፍተው ማጠፊያው አጠገብ ያለውን የጎማ ቱቦ ገፈፉት።

«ይህ በር በዕድሜው ስንት ጊዜ የተከፈተ ይመስልሃል ልጄ?»

ሽቦዎቹ ሲታጠፉና ሲዘረጉ ኖረው ሁለቱ ተበጥሰዋል። እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። የውስጡን ሽፋን አነሱ፣ ሞተሩን የያዙትን ሦስት ብሎኖች በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈቱ፣ ከዚያም ከባትሪ በቀጥታ መብራት ሰጡት። እንቅ እንቅ አለና ቆመ። «አልተቃጠለም» አሉ። በመስታወቱ ቀዳዳ የምታልፈው ዘንግ ዝጋ ተጣብቃ ኖሯል። ከላይ ያለችው ጎማ ስትደርቅ ውሃ ሾልኮ ይገባል፣ ውሃው ያዝጋል፣ ሞተሩ ሊያዞራት ሲታገል ይደክማል። ቀዳዳውን የደፈነ ሰው ይህን አያይም። ዘንጓን ዘይት ነክረው አሳደሯት፤ በማግስቱ ዝገቱን አጸዱ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ጎማዋን ለወጡ። የተቀነጠሰው ክንድ የተሰበረው ማጠፊያው ላይ ስለነበር ከብረት ዘንግ ሞርደው ፒን ሠሩለት። የሚጠርገውን ጎማ ከአዲስ የፊት መጥረጊያ ለክተው ቆረጡት።

እኔ የወደድኩት ግን ክንዱን ለመግጠም አለመቸኮላቸውን ነው። በቅድሚያ ሞተሩን ባዶውን አዞሩት፤ ሲያጠፉት በራሱ ሄዶ ማረፊያው ላይ ቆመ። ክንዱን የገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመው ገጥመውት ቢሆን መስታወቱ መሐል ላይ ተገትሮ ይቀር ነበር።

«ልጆቹ መቀየር ነው የሚያውቁት» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «መቀየር ደግሞ የሚቀየር ሲኖር ነው።»

ለሁለት ቀን ሥራ 2,500 ብር ጠየቁኝ። ልጨምር ብል አልተቀበሉም። በበጋም ቢሆን በሳምንት አንዴ ውሃ ረጭቼ እንዳሠራው፣ ደረቅ መስታወት ላይ ግን እንዳላስኬደው አስጠነቀቁኝ።

ማታ ለጡረተኛው መምህር ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የኋላ መጥረጊያዎ አለ?»

«አለ። መሥራት ካቆመ ቆየ እንጂ አለ። ምነው?»

የሽማግሌውን ስልክ ሰጠኋቸው። ደላላው ያለኝንም ነገርኳቸውና፣ ክንዱ ላይ የታርጋ ቁጥር ቢያስቀርጹበት እንደሚሻል መከርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ።

«ቀጭን ናት እኮ» አሉ፣ «ቁጥሩ ይበቃታል?»