ወደ ጮቄ የሮጥንበት በጋ

በጎጃም ደጋ ጎልማሳ ሰው ያለ ነገር አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት ጠፍቷል፣ ወይ መርዶ ይዟል። በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከአማኑኤል ከተማ ተነስተን ሽቅብ ወደ ማቻከል ደጋ መሮጥ ስንጀምር፣ አውድማ ላይ ያሉ ገበሬዎች መንሻቸውን ተደግፈው «ማን ነው የሞተው?» ይሉን ነበር። «ማንም አልሞተ፣ ልምምድ ነው» ስንል ደግሞ ሽልማቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሽልማት የለውም ብሎ ማስረዳት ከዳገቱ ይብሳል። አንድ ሽማግሌማ «ልጆቼ፣ ጠበል ብትገቡ አይሻልም?» ብለው ከልባቸው መክረውናል።

ነገሩን ያመጣው የስፖርት መምህሩ ጓደኛችን ነው። ቦብ ግራሃም ስለተባለ እንግሊዛዊ አንብቧል፤ በኬስዊክ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ የነበረው ሰው ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. 42 ተራሮች ረግጦ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደተነሳበት ተመለሰ፤ ሽቅቡ ብቻ ቢደመር ከ8,000 ሜትር ይበልጣል። ለዝግጅት ተራሮቹን አስቀድሞ በባዶ እግሩ ዞሯቸዋል ይባላል። እዚህ ላይ ሳቅን። ጮቄ ተራራ ሥር ባዶ እግር ዝግጅት ሳይሆን ኑሮ ነው።

የእኛ ሐሳብ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፤ ከአማኑኤል ሌሊት ተነስቶ፣ በሸንተረሩ ላይ የጮቄን ጫፎች አንድ በአንድ ነክቶ፣ ሳይመሽ ረቡ ገበያ መውረድ።

ያነጋገርነው ሰው ሁሉ ስለ ሳንባ ያስጠነቅቀን ነበር። እውነት ነው፣ 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሦስት አምስተኛ ብዙም አይበልጥም። ግን ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ትንፋሽ ቀስ እያለ ይመጣል። የሚሰብረው ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል፣ ሕመሙም በማግስቱ ነው የሚነሳው። ቅዳሜ ወርደን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዘን ነበር የምንወርደው። ስለዚህ ልምምዱን ወደ መውረድ አዞርነው። መምህር የሆነችን ድንች ተሸክማ ገበያ የምትወርድ ሴት ናት። እርምጃዋ አጭር፣ መንገዷ ጠመዝማዛ፣ አትቆምም። አልፈናት ሮጥን፣ እግራችንን ስናሽ ደረሰችብን። «ምነው ቁልቁለቱን ትጣሉታላችሁ? እሺ በሉት እንጂ» ብላ አለፈች።

በየካቲት መጨረሻ ዐቢይ ጾም ገባ። ቅቤ የጠገበው ጭኮ ቀረና በሶ በማርና ተልባ ተተካ። መምህሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ረጅሙን ሩጫ በባዶ ሆዱ ነበር የሚጨርሰው። እኔና ሌላው በኪሳችን ቆሎ እንይዝ ነበር፤ እሱ ፊት አንቆረጥምም።

ከባሕር ዛፉና ከገብሱ በላይ አስታው ይመጣል፣ ከዚያ ጓሳውና ጅባራው። እዚያ ሌላ ሕግ ነው ያለው። ጠዋት ጓሳው በአመዳይ ነጭ ይሆናል፤ ጋቢ ከረጠበ ሸክም ነው። የማዳበሪያ ከረጢት አንገቱንና ክንዱን ቀደን ከሸሚዝ ላይ ለበስነው፤ ነፋሱን እንደሱ ያቆመልን ነገር የለም። የእረኛ ውሻ ካለበት ደግሞ መሮጥ ክልክል ነው፤ ዱላ ይዞ ቀስ ብሎ ማለፍ። መንገዱን ያሳዩን እረኞች ናቸው። ጉም ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደሚመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ጫፉ ሁሉ አንድ እንደሚመስል ነገሩን። ሰዓታችንን የቆረጥነው በእነሱ ቃል ነው፤ ከቀትር በፊት ከመጨረሻው ጫፍ መውረድ። የመምህሩ አጎት በሶና ደረቅ ልብስ በበቅሎ ጭነው ሸንተረሩ መሐል ሊጠብቁን ተስማሙ።

ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ዝናቡ ሊጥል ይችላልና ቀኑን አጠበብነው። ሚያዝያ 28 የአማኑኤል ዕለት ቅዳሴ አስቀደስን፣ ዶሮ በላን፣ በጊዜ ተኛን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪ አብርተን ወጣን። የመጀመሪያውን ሰዓት ማንም እንዳይሮጥ ያዘዘው መምህሩ ነበር። ከከተማው ሳንወጣ ሸሚዙን ይዘን ያቆምነውም እሱን ነው።