ወርቅ የለበሰው የአክሱም ብር

አክሱም የደረሰ መንገደኛ ሁሉ ወደ ሐውልቱ አንጋጦ ይመለሳል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጠውን የጥንት የብር ገንዘብ ልብ የሚል ጥቂት ነው። በአፊላስና በወዜባ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት በ4ኛው መቶ ዓመት መባቻ አካባቢ፣ ከተሠሩት መካከል በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወርቅ የተለበጠባቸው አሉ። ፊቱ ከፀሐይ መካከል ብቅ ያለ ይመስላል። ለገበያ መገበያያ ይህን ያህል መድከም! የወዜባማ ጽሑፉ በግዕዝ ነው። ሰብሳቢዎች ያችን የወርቅ ትራፊ በአጉሊ መነጽር ይፈልጓታል፤ ለማንጣት ብሎ በአሸዋ የሚፈትጋት ሰው ግን ወርቁን አብሮ ይገፍፈዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በመንገድ ቢያቀርቡልዎ አይግዙ። የነዚያን ነገሥታት ተራ ያወቅነው በአብዛኛው ከገንዘባቸው ነው፤ ከየትኛው እርሻ፣ ከማን ገንዘብ ጋር እንደ ወጣች ሳይመዘገብ ኪስ የገባች ብር ግን ይህን ልትነግረን አትችልም።