ከኮፈን ሥር ያለ አማና

 

በዚህ ክረምት ከታላቅ ወንድሜ ጋር የአጎታችንን አሮጌ ዲኤክስ እንደ አዲስ እየሠራን ነው። ከቴስታታው ጭሱን ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚያደርሰውን ቱቦ ራሳችን በየድነው። አራቱን ቱቦዎች መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ አደረግናቸው፤ ይህ በመካከለኛ ዙር ጉልበት ስለሚሰጥ ለከተማ መንዳት ይስማማል።

የተከራከርነው በብረቱ ነው። ወንድሜ ከቤት ግንባታ የተረፈውን ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ጥቁር ቀለም ቀብተን እንጠቀም አለ። «ከኮፈን ሥር ማን ያየዋል?»

እኔ ግን እምቢ አልኩ። በቱቦው ላይ ያለው ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከሞተር የሚወጣው ጭስ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሲበየድ የሚተነውም ዚንክ በያጁን ትኩሳት ሊያሲዘው ይችላል። የማይዝገው ስቴንለስ ብረት ደግሞ ከአቅማችን በላይ ሆነ።

በመጨረሻ ተራ ጥቁር ቱቦ ገዛን። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ ቅባቱን አጥበን፣ ሙቀት የሚችል ቀለም በስሱ ደራረብንበት። ይህ ቀለም የሚጠነክረው በሙቀት ስለሆነ ሞተሩን ጥቂት እያስነሳን፣ እያጠፋን፣ እያቀዘቀዝን አበሰልነው። ከጊዜ በኋላ እንደሚላጥና እንደገና መቀባት እንዳለበት ለአጎታችን ነግረናቸዋል።

ቱቦ ቢሰነጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኪናው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ የአጎታችን ልጆች ናቸው።

ነገ ድልድይ የምንገነባ፣ መድኃኒት የምንቀምም፣ ሒሳብ የምንመረምር ሁሉ «ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀናል። መልሱን ከአሁኑ እንልመደው።