አባትን የማይቀበል ቃል ቆራጭ

ደብዳቤው ለእኔ የተጻፈ አልነበረም፤ ለድርጅቱ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ስለሌለ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ደረሰ። የጻፈችው በአንዲት የገጠር ከተማ የተማሪዎችን መዝገብ የምትይዝ ሴት ናት። ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሞቼ፣ ይህ ፕሮግራማችሁ እናትን ይቀበላል፤ አባትን ግን አይቀበልም። ምን ቢበድለው ነው?»

ሳቅሁ። ከዚያም ሞከርሁት። እውነቷን ነው።

እንጀራዬ የመረጃ ቋት ጥገና ነው። ሰው ከመረጃ ቋት ጋር የሚነጋገርበት ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአይቢኤም፣ በዶናልድ ቻምበርሊንና በሬይመንድ ቦይስ የተነደፈ ነው። አንድ ትእዛዝ ወደ ቋቱ ሲገባ በመጀመሪያ የሚቀበለው ሰዋስውን የሚመረምረው ክፍል አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በር ላይ የቆመ ሌላ አለ። ባለሙያዎቹ ሌክሰር ይሉታል፤ እኔ በልቤ ቃል ቆራጭ እለዋለሁ። ሥራው ትርጉም መረዳት አይደለም። የፊደላቱን ሰልፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያየ «ይህ ቃል ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ባዶ ቦታ ነው» እያለ መቁረጥ ብቻ ነው። እርሱ በተሳሳተ ቦታ ከቆረጠ ከኋላው ያሉት ሁሉ፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆኑ፣ የሚደርሳቸው ቁርጥራጭ ነው።

ሴትዮዋ «አባት» የሚል ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ልትፈጥር ስትል የመጣላት መልስ «ባት የሚባል የመረጃ ዓይነት የለም» የሚል ነበር። «አድራሻ» ስትል ደግሞ «ድራሻ»። (ድራሹን አጥፍተነዋል ማለት ነው።) «እናት»፣ «ወረዳ»፣ «ዕድሜ» ያለ እንከን ያልፋሉ። «ቀበሌ» ወገቡ ላይ ይሰበራል። «ሠንጠረዥ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለውን ቆራጩ ስለማይነካው የልጆቹ ስም ደኅና ነበር፤ የሚሰበረው የዓምዶቹ መጠሪያ ነው።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ምክንያቱን ያገኘሁት ፊደላቱን ትቼ ቁጥሮቻቸውን ማየት ስጀምር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። «እ» 225፣ 138፣ 165 ነው። «አ» ደግሞ 225፣ 138፣ 160። «በ» 225፣ 137፣ 160። «ሠ» እና «ጠ» እንዲሁ መጨረሻቸው 160 ነው፤ «ዠ»ም እንዲሁ። የእኛ ቆራጭ 256 ረድፍ ያላት አንዲት ዝርዝር አለችው፤ በእርሷ ላይ በ160 አንጻር «ባዶ ቦታ» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ «አ» ጋ ሲደርስ ሁለቱን ባይት ይበላና ሦስተኛውን ባዶ ነው ብሎ ይቆርጣል። «አበበ» የሚል ዓምድ ቢኖር ሦስት ጊዜ ይቆረጥ ነበር፤ አንድም ሙሉ ፊደል አይተርፍለትም።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል በሚባለው ስመ ጥር የመረጃ ቋት ውስጥ፣ ማክ ኮምፒዩተር ላይ፣ 133 የሚለው ባይት እንደ ባዶ ቦታ እየተቆጠረ የፖላንዶች ባለ ጅራት «ኣ» ትበላ የነበረችበት ቦታ ነበር፤ የተስተካከለው በ2023 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። መጽናናቴ ግን አልቆየም።

የፕሮግራሙ መዝገብ እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው ያሳያል። የ160ን መስመር ማን እንደጻፈ ጠየቅሁ፤ የመጣው የራሴ ስም ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ወር። አስታወስሁት። አንድ የፈረንሳይ ደንበኛ ትእዛዞቹን ከጽሑፍ ማዘጋጃ ሲገለብጥ የማይሰበረው ባዶ ቦታ የሚባለው አብሮ እየገባ ያስቸግረው ነበር። በዚያን ጊዜ ቋታችን የሚጠቀመው የምዕራብ አውሮፓን የአንድ ባይት አጻጻፍ ስለነበር 160 በእርግጥም ባዶ ቦታ ነበር። አለቃዬ አመሰገነኝ። በኋላ ወደ ዩቲኤፍ-8 ስንሻገር ያቺን ዝርዝር ዞር ብሎ ያያት የለም፤ እኔም ጭምር። በፈረንሳይኛ ስሞከር፣ በጀርመንኛ ስሞከር፣ «አ» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርሁም።

አባቴ የአማርኛ መምህር ነበር። የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፈን «ንጉሡ ሠ» እና «እሳቱ ሰ»ን ላምታታ ልጅ ይቅርታ አልነበረውም፤ የራሱ ልጅ ስሆን ደግሞ ቀዩ ብዕር ይጠነክር ነበር። ይህን የማነሣው የደብዳቤውን መጨረሻ ስላልነገርኋችሁ ነው። ሴትዮዋ መፍትሔ አግኝታ ነበር። «አልፉን አ በዐይኑ ዐ ብንለውጠው ያልፋል» ትላለች፤ «ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዐባት እያልን ቆይተናል፤ ሠርተፊኬት የምንለውንም በእሳቱ ሰ አድርገነዋል። ትክክል እንዳልሆነ እናውቃለን።» ጥፋቱ ከእኛ ሆኖ ይቅርታ የምትጠይቀው እርሷ ናት።

መስመሩን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ፈረንሳዩ ደንበኛ አሁንም አለ። 160 እንደ ሙሉ ምልክት ሌላ ነው፣ 160 እንደ ሌላ ፊደል ጅራት ሌላ ነው። ስለዚህ ቆራጩ ከ127 በላይ የሆነ ባይት ሲያገኝ መጀመሪያ ፊደሉን ሙሉ አድርጎ እንዲያነብ፣ ከዚያ ብቻ «ባዶ ነህ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። አርባ መስመር ያህል ሆነ። በዚያው ሁለት ነጥብንም (፡) ቃል ለያይ ላደርገው አስቤ ነበር፤ በብራናዎቻችን ላይ ሥራው ያ አይደለምን? ዩኒኮድ ግን ስሙን የቃል ክፍተት ብሎ ሰጥቶት ሲያበቃ ከሥርዓተ ነጥብ ነው የመደበው፤ ባልደረቦቼም ይህን እያነሡ አልተቀበሉኝም። ተውሁት።

መፈተኛ ቃላትም ጻፍሁ፦ አባት፣ በር፣ ጠጅ፣ ሠርግ። ለ«ዠ» ትንሽ ተቸግሬ የአያቴን «ዠመረ» ወሰድሁ። ሥራዬን የሚመረምረው ባልደረባዬ ትርጉማቸውን ጠየቀኝና ነገርሁት። «ግጥም ነው እንዴ?» አለኝ።

ለሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ጻፍሁላት። መስመሩን የጻፍሁት እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም። መልሷ አጭር ነበር፦ «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከመስከረም ጀምሮ በአልፉ አ እናደርገዋለን። የሦስቱን ዓመት ካርድ ግን ልጆቹ ወስደውታል።»